ባቡር በደረቱ ያቆመው ሹም

በሻይ ቤታችን ይወራ የነበረው ወሬ እንዲህ ነው። የጣቢያችን ሹም የምድር ባቡሩን የበላይ ሥራ አስኪያጅ የጫነ ልዩ ባቡር በደረቱ አቆመ።

በባንዲራ አይደለም፤ በፊሽካም አይደለም፤ በደረቱ። ፀጉር አስተካካዩ ሲያወራው ሹሙ ሸሚዙን በሁለት እጁ ቀዶ ሐዲዱ መሀል ይገተራል። ልብስ ሰፊው ሲያወራው ሸሚዙ አይቀደድም፤ ለሙያው ክብር ሲል ልብስ በከንቱ አያስቀድድም። የባቡሩ አፍንጫ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ግን ሁለተኛዋ ቁልፍ ተፈናጥራ ትወድቃለች። ጡረተኛው አስተማሪ ደግሞ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ እንደተንሸራተተ ይጨምሩበታል። «ለምን ተንሸራተተ?» ሲሏቸው፣ «አፍሮ!» ይላሉ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? በሻይ ቤታችን ስኳር በማንኪያ እየተለካ ነው የሚሰጠው፤ ሐሳብ ግን በነፃ ስለሆነ ማንም ሳይሰስት ይጨምራል።

ወሬው በዚህ አያበቃም። ሥራ አስኪያጁ እየተንቀጠቀጡ ከፉርጎው ይወርዱና፣ «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ይላሉ። ሹሙ፣ «እኔ አውቅዎታለሁ፤ ሐዲዱ ግን አያውቅዎትም» ብሎ ይመልሳል። እዚህ ላይ ሲደረስ ሻይ ቤቱ በሙሉ ብርጭቆውን ያስቀምጥና ራሱን ይነቀንቃል። ደንብ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው ብሎ በደመወዙ የፈረደ ጀግና! ከዚያ ባቡሩን እንዳቆመ ያቆየዋል፤ ደንቡ ሲሟላ ብቻ፣ «አሁን ይለፉ» ይላል።

ወሬው ያምራል። ችግሩ ደረቱን የምናውቀው መሆናችን ነው።

ያ ደረት ሰውየው ሹም ከሆነ ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ የኖረ ደረት ነው። በኋላ ቀበቶው ላይ ደርሶ ተደላድሎ ተቀመጠ። ባቡር ይቅርና ፍየል አቁሞ አያውቅም። ከጣቢያው ጀርባ ጥቅል ጎመን ተክሎ ነበርና የጎረቤት ፍየል በየማለዳው በመሳፈሪያው ላይ እየተጎማለለች ወደ ጎመኑ ታልፋለች። ፊሽካ ነፋባት፤ ዞር ብላ አየችው። ቀይ ባንዲራ አውለበለበባት፤ ቀረብ ብላ የባንዲራውን ጥግ በላችለት። ከዚያ በኋላ የጣቢያችን ቀይ ባንዲራ ሦስት ማዕዘን ብቻ ነበረው፤ ከሩቅ የሚያይ የባቡር ነጂ ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?» እያለ ግራ ይጋባ ነበር።

ይህ ሰው ለምድር ባቡር የተወለደ ነው ይሉ ነበር። እውነት ነው፤ የእናቱ ወንድም የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። በአጎቱ ትከሻ ተንጠላጥሎ ገባና መጀመሪያ ፋኖስ ላይ ላምባ ሞይ አደረጉት። ያኔ ባቡር ገና በከሰልና በእንፋሎት የሚሄድበት ዘመን ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፉርጎ፣ ለእያንዳንዱ የሐዲድ መቀየሪያ፣ ለእያንዳንዱ ምሰሶ ፋኖስ ነበረ፤ አንዱ መስታወት ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። የኛ ሰው ቀዩንና አረንጓዴውን አቀያይሮ ከተተና የጭነት ባቡር ሜዳ ላይ ተገትሮ ዋለ። ከፋኖስ ሲያነሱት ወደ ግራሶ ቀቢነት አሳደጉት። የመንኮራኩሩን ማቀፊያ ቅባ ሲሉት የመንገደኛውን መቀመጫ ቀባ፤ የአንድ ዳኛ ሱሪ ከፉርጎው ወንበር ጋር አብሮ ቀረ። ከግራሶ ሲያነሱት ትኬት ቆራጭ አደረጉት። ምድር ባቡር የተሰበረ መዶሻ ሲያገኝ ወደ ግምጃ ቤት ይመልሳል፤ የተሰበረ ሰው ሲያገኝ ግን ከፍ ያደርጋል። ሰውየው እያበላሸ ሲወጣ፣ እያበላሸ ሲወጣ፣ በመጨረሻ ምንም ነገር ሊበላሽ የማይችልበት ቦታ ተፈለገለትና የኛ ጣቢያ ሹም ሆነ። በቀን አንድ የጭነት፣ አንድ የመንገደኛ ባቡር ብቻ የሚያልፍባት፣ አንድ መሳፈሪያ፣ አንድ የውሃ ጋን፣ ከትኬት መስኮቱ ጀርባ አንድ አልጋ ያላት ጣቢያ።

አልጋዋን ወደዳት።

የጣቢያውን ሥራ የሚሠራው ሌላ ሰው ነበር። ሐዲድ ቀያሪው፣ ጣቶቹ የያዙትን ስለማይለቁ «ጉጠት» የምንለው ሽማግሌ። መቀየሪያውን በረጅሙ ማንሻ የሚጎትት እሱ፣ ፋኖሱን የሚወለውል እሱ፣ የላላ ብሎን የሚያጠብቅ እሱ፣ ባቡር ሲመጣ በሽቦ የተንጠለጠለውን ቁራጭ ሐዲድ በብረት የሚመታው እሱ። ያ ቁራጭ ሐዲድ ደወላችን ነበር፤ ሲመታ ሹሙ ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ኮፍያውን ያደርጋል፣ ወጥቶ ይቆማል። ይህን ሁሉ ታሪክ የነገረን ጉጠት ነው፤ እሱ ደግሞ ለመዋሸት ጊዜ ያልነበረው ሰው ነው።

ለሹሙ የተተወችለት ሥራ አንዲት ነበረች፦ በትሯ።

በትሯ ክንድ የምታክል፣ ጫፍና ጫፏ በነሐስ የታሰረ እንጨት ነች። ከኛ ጣቢያ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ያለው ሐዲድ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይላተም ለዚያ መንገድ አንዲት በትር ብቻ ተሠርታለች። በትሯን የያዘ ነጂ ይሄዳል፤ ያልያዘ አይነቃነቅም። በትሯ በነጂው እጅ ከሆነች፣ ከወዲያ የሚመጣበት የለም ማለት ነው። ነጂው ሲደርስ በትሯን ለዚያኛው ሹም ያስረክባል፤ ከወዲያ የሚመጣው ባቡር ይዟት ይመለሳል። ቀላል ነው፤ ፍየሏን ብታስረዷት ይገባታል።

አንዲት ነገር ብቻ ልብ ይጠይቃል። ሁለት ባቡር ተከታትለው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ከሆነ፣ ለፊተኛው በትሯን አይሰጡትም፤ ያሳዩታል። ነጂው በዓይኑ ያያታል፣ በእጁ ይዳብሳታል፣ የሹሙን ፊርማ ይቀበልና ይሄዳል። በትሯን ይዞ የሚሄደው የኋለኛው ነው። ለፊተኛው ከሰጧትማ ይዟት እብስ ይላል፤ የኋለኛውም ያለ በትር ተገትሮ ይቀራል።

በኛ ጣቢያ ባቡር ተከታትሎ ሄዶ አያውቅም ነበር። ያ ልዩ ባቡር እስከመጣ ድረስ።

መልእክቱ በቴሌግራም ሲደርስ ሹሙ ሊያብድ ምንም አልቀረው። መሳፈሪያው ተጠረገ፣ ውሃ ተረጨ፣ ፍየሏ ታሰረች። ሚስቱ የደንብ ልብሱን ከሰል በሞላ ካውያ ስትተኩስ፣ «ሆድህን ካልሳብክ ቁልፉ የሥራ አስኪያጁን ዓይን ያጠፋል» አለችው። እሱ በትኬት መስኮቱ መስታወት ውስጥ ራሱን እያየ ሰላምታ ሲለማመድ ዋለ። እጅ ወደ ላይ፤ አይ፣ ትንሽ ዝቅ። አገጭ ወደ ፊት፤ አይ፣ ከዚህ ይበልጥ።

የጭነት ባቡሩ ቀድሞ ደረሰ። ልዩው ከኋላው እየተከተለ ነው። የጭነቱ ነጂ እንደ ወትሮው በመስኮት ተደፍቶ እጁን ዘረጋ። ሹሙም ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል፣ ኮፍያውን በግራ እጁ እያቃና፣ በቀኝ እጁ እንደ ወትሮው በትሯን ሰጠው።

ጉጠት ከወዲያ ጫፍ ማንሻው ላይ ነበር። የጭነት ባቡሩ ሲያልፈው ነሐሷ በነጂው እጅ ብልጭ ስትል አየ። ጮኸ፤ ማን ሊሰማው? ባቡሩ በጭስና በጩኸት ይዟት ሄደ። እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ! ለሰውየው ምን ሰጡት?»

«በትሯን ነዋ።»

«ለምን?»

«ምን ለምን አለው? ሁልጊዜ እሰጠው የለ?»

«ዛሬ ሁልጊዜ አይደለማ!»

 ሹሙ ባዶ እጁን አየው፤ ገለበጠና ጀርባውን ደግሞ አየው፤ በትሯ እዚያ ተደብቃ እንደሆነ።

«ሂድና አምጣት» አለ በመጨረሻ። «በጋሪዋ ሂድ። ሩጥ!»

ጋሪዋ እንደ ውሃ መሳቢያ ማንሻዋን ከፍ ዝቅ እያደረጉ በክንድ ጉልበት ሐዲድ ላይ የሚነዷት ናት። ጉጠት ጎትቶ ካወጣት በኋላ ቆም አለ።

«ለጋሪም እኮ በትር ያስፈልጋል ጋሼ። ያለ በትር መንገዱ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ደንቡስ?»

«ደንብህን ገደል ክተተው!»

ይህን የተናገረው፣ በኋላ ስለ ደንብ ሲል ደረቱን ለባቡር ሰጠ የተባለው ሰው ነው። ጉጠት ጋሪዋን እየፈተገ ገና ከዓይን ሳይሰወር የልዩው ባቡር ፊሽካ ተሰማ።

አሁን ወደ ደረቱ እንምጣ፤ ይህን እንኳ በኋላ ለጉጠት የነገረው የልዩው ባቡር ነጂ ነው። ሹሙ ሐዲድ ላይ አልቆመም። የቆመው ከውሃው ጋን ምሰሶ ኋላ ነው። ከምሰሶው ወጥታ የምትታየው እጁ ብቻ ነበረች፤ በእጁ ላይ ጥጓን ፍየል የበላት ቀይ ባንዲራ። ባቡሩ ቆመ። ለባንዲራ መቆም የባቡር ልማዱ ነው፤ ደረት አይጠይቅም።

ሥራ አስኪያጁ ወረዱ። ጫማቸው ያበራል፤ ጉንጫቸው ላይ የትራሱ ዳንቴል ታትሟል። «ለምንድነው የቆምነው?»

ሹሙ ከምሰሶው ኋላ ወጣ። ሲለማመደው የዋለው ሰላምታ ጠፋው። «ደንብ…» አለ።

«የምን ደንብ?»

«ደንብ… ደንብ ነው ክቡርነትዎ።»

«በትሯ የት አለች?»

«ደንቧ ላይ ነች።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ለመረዳት ጥቂት ታገሉ፤ ትልቅ ሰው ስለሆኑ አልገባኝም አይሉም። ወደ ነጂው ዞረው፣ «ንዳ! እኔ ፈቅጃለሁ» አሉ። ነጂው ጥላሸት የጠጣ፣ ዳቦውን በሽንኩርት የሚያላምጥ ሰው ነበር። ማላመጡንም አላቆመ። «ያለ በትር አልገባም» አለ። «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» አሉት። «እኔ አውቅዎታለሁ፤ ሐዲዱ ግን አያውቅዎትም» አላቸውና ሽንኩርቱን ገመጠ። ያቺ ዝነኛ ንግግር የማን እንደነበረች አያችሁ? ሹሙ እዚያው አጠገብ ቆሞ ባንዲራውን ሲጠቀልል ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ተመልሰው ተኙ። አጃቢዎቻቸው በጎመኑ መደብ ዙሪያ ሲንሸራሸሩ ቆዩ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ጉጠት በላብ ተነክሮ፣ እንደ ወናፍ እየተነፈሰ ደረሰ። ሹሙ በትሯን ቀምቶት ኮቱ ውስጥ ሸሸጋት፤ በጓሮ በር ወደ ቢሮው ገባ፤ ትንሽ ቆየ፤ በፊት ለፊት በር በትሯን በሁለት እጁ ይዞ፣ ልክ ከካዝና እንዳወጣት ሁሉ ቀስ እያለ ወጣ። «አሁን ደንቡ ተሟልቷል» አለ። ለነጂው ሰጠው። ባቡሩ ሄደ። እሱ ቁጭ አለ። ጉጠት ውሃ ጠየቀ፤ የሰጠው አልነበረም።

ወሬው የተወለደው ከዚያ ፉርጎ ውስጥ ነው። ሹማምንቱ ግማሽ ቀን ሙሉ በአንድ የገጠር ጣቢያ ተገትረው መዋላቸውን እንዴት ያውሩት? «የረሳ ሰው አስቆመን» ቢሉ ውርደት ነው፤ «ለደንብ የማይበገር ሰው አስቆመን» ቢሉ ግን ወግ ነው። ወግ አደረጉት። ወሬው ዞሮ ዞሮ እኛው ሻይ ቤት ሲደርስ ደረት አብቅሎ ነበር።

ሹሙ መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ዝም አለ። ዝምታው እንደሚከፍል ሲያይ ደግሞ ፈገግ ማለት ጀመረ። «ያን ቀን እንዴት ደፈርከው?» ሲሉት ወደ ሩቅ ያይና፣ «እንግዲህ… ሥራ ነው» ይላል። ሻይ ያለ ሒሳብ ጠጣ። ፀጉር አስተካካዩ ተራ ሳያስጠብቅ ላጨው። ልብስ ሰፊው ሁለተኛዋን ቁልፍ በነፃ ቀየረለት፤ አሮጌዋን ለመታሰቢያ ወሰዳት። ሰውየው ወደ ሆዱ ወርዶ የነበረውን ደረት መልሶ ሊያወጣው ይታገል ጀመር፤ ቀና ብሎ ሲሄድ ትንፋሽ ስለሚያጥረው በየአምስት ርምጃው እየቆመ ሰማይ ያያል፤ እኛም «እያሰበ ነው» እንላለን።

እንዲህ ሆኖ ቢቀር ማንም አይጎዳም ነበር። ነገር ግን ምድር ባቡር የተበላሸ ነገር ሲያይ ከፍ ማድረግ ልማዱ ነው አላልኳችሁም? ቴሌግራም መጣ። ሹሙ ለደንብ ባሳየው ጽናት የትልቁ መገናኛ ጣቢያ ሹም ሆኖ ተሹሟል፤ የበላይ ሥራ አስኪያጁም ራሳቸው መጥተው በሕዝብ ፊት ይሸልሙታል።

ትልቁ መገናኛ ማለት ሐዲዱ እንደ እጅ ጣት የሚዘረጋበት፣ ባቡር እንደ ጉንዳን የሚተላለፍበት ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ መንገድ የየራሱ በትር አለው። የሹሙ ቢሮ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በትር ነው ይባላል።

ሚስቱ እልል አለች። «ደረጃ ያለው ቤት!» አለች፤ ዕቃ መጠቅለል ጀመረች።

«አንቺ፣ እዚህ ግን ምን ጎደለን?» አላት።

«ገበያ፣ መብራት፣ ሰው የሚመስል ባል። የመጨረሻው ተሹሟል፤ ሌላውን እዚያ አገኛለሁ።»

«እኔ እኮ… ብዙ በትር…»

«ባቡር በደረቱ ያቆመ ሰው እንጨት ይፈራል?» አለች። እሷም አምናለች ማለት ነው። ባሏን እንዲህ የምታውቅ ሴት ወሬ ካሳመናት፣ ወሬ የማይሠራው ነገር የለም።

ሹሙ ወደ ጉጠት ሮጠ። ጉጠት ጥቂት አሰበና መጥረጊያ እንጨት፣ ማገዶ፣ የተሰበረ የአካፋ እጀታ ሰብስቦ በቀለም በቀለም ክር አሰረባቸው። በትኬት መስጫው ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ሐዲድ አሰመረ። ከሻይ ቤት የተዋሳቸውን ብርጭቆዎች ባቡር አደረጋቸው።

«እሺ ጋሼ። ቀይ ክሩ የዚህ መንገድ ነው፣ ሰማያዊው የዚያ። ከወዲያ የመንገደኛ ባቡር ይመጣል። ከወዲህ ጭነት ቆሟል። ለማን ይሰጣሉ?»

ሹሙ አሰበ።  ሰማያዊውን ለጭነቱ ሰጠ። ጉጠት ሁለቱን ብርጭቆዎች በመስመሩ ላይ ገፋቸው፤ ቋ! አንዱ ተሰነጠቀ።

«ምን ሆነ?»

«አንድ ባቡር ሙሉ ሕዝብ ፈጁ።»

«ስንት ሰው?»

«ሻይ ቤቱን እንዳለ ጭነነዋል እንበል።»

 «ፀጉር አስተካካዩም ነበረበት?»

«ከፊት ነበር የተቀመጠው።»

«ልብስ ሰፊውስ?»

«አጠገቡ።»

«አስተማሪውስ? እሳቸው እኮ ባቡር አይወዱም!»

«ዛሬ ልጃቸውን ሊጠይቁ ወጥተው ነበር ጋሼ። እንደገና እንሞክር።»

እንደገና ሞከሩ። ሚስቱን ገደላት። በሦስተኛው፣ ጉጠት አንድ ባቡር ብቻ አስቀረለት፤ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ክር። ሹሙ በትሯን ለብርጭቆው ከሰጠ በኋላ ሌላኛዋን እጁን ዘርግቶ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጣለው። ጉጠት ስብርባሪውን ሲለቅም ሳለ ሹሙ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይህን ሰው ስንሳለቅበት ኖረናል፤ ይገባዋልም። ያን ዕለት ግን የፈራው ለራሱ ብቻ አልነበረም ይላል ጉጠት፤ «ሰዎቹን አያቸው» ይላል፤ «ብርጭቆ ውስጥ ሆነው አያቸው።»

«እውነቱን ይንገሯቸዋ» አለው ጉጠት። «በትሯን በእጄ ለጭነት ባቡሩ ሰጠሁ፣ ረሳሁ ይበሉ። ሹመቱ ይቀራል።»

«ሹመቱ ብቻ ነው የሚቀረው? ያባርሩኛል! ቤቱ የምድር ባቡር ነው፣ አልጋው የምድር ባቡር ነው፣ ኮፍያው የምድር ባቡር ነው። ጎመኑ ብቻ ነው የኔ፤ እሱንም ፍየሏ ጨርሳዋለች።»

«ካልተናገሩ ደግሞ ሰው ይፈጃሉ።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«እንጃ ጋሼ። እኔ የማውቀው ሁለት መንገድ ያለው መቀየሪያ ነው።»

ቀኑ ደረሰ። ሻይ ቤቱ በሙሉ መሳፈሪያው ላይ ወጣ፤ ወንበሩም ጭምር። ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ፀጉር ለመጀመሪያ ጊዜ አበጥሯል። ልብስ ሰፊው ያቺን አሮጌ ቁልፍ በመሀረብ ጠቅልሎ ይዟል። አስተማሪው ከፊት ቦታ ይዘዋል። ሚስትየዋ ጓዟን ጠቅልላ፣ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ባቡር ትጠብቃለች።

ሥራ አስኪያጁ ከልዩ ባቡራቸው ወረዱና ንግግር ጀመሩ። እሳቸውም ወሬውን ሰምተውት ኖሯል፤ ከመስማት አልፈው ወደውታል፤ ከመውደድ አልፈው ቦታ ይዘውበታል። «ያን ቀን» አሉ፣ «ይህ ቆራጥ ሠራተኛ ደረቱን ለባቡሬ ሰጠ! እኔም ከፉርጎዬ ወርጄ፣ ዝቅ ብዬ፣ እጁን ጨበጥኩና፣ ‹ልጄ፣ ደንብ ከኔም በላይ ነው› አልኩት!» ሕዝቡ አጨበጨበ። ጉጠት ከማንሻው አጠገብ ሆኖ ተፋ።

«እንግዲህ» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ፊታቸው በራሳቸው ደግነት በርቶ፣ «ለሌሎች ሠራተኞች ትምህርት እንዲሆን፣ ያን ቀን የሆነውን በራስህ አንደበት ተናገር።»

ሚስቱ ከሣጥኗ ላይ ሆና፣ «ተናገር እንጂ! ሆድህን ሳብና ተናገር!» አለችው።

ሹሙ አንድ ርምጃ ወደ ፊት መጣ። ሥራ አስኪያጁን አየ፤ ኮፍያው ትዝ አለው። ሕዝቡን አየ፤ ፀጉር አስተካካዩን፣ ልብስ ሰፊውን፣ አስተማሪውን፣ በየወንበራቸው ልክ ፉርጎ ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ተደርድረው።  እውነቱን ከተናገረ ከአልጋው መውጣቱ ነው፤ ወሬውን ካጸደቀ እነዚህን ሰዎች መፍጀቱ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አሰበ።

«ክቡርነትዎ» አለ፣ «እኔ ባቡር በደረቴ አቁሜ አላውቅም።»

ጉርምርምታ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አሉ። «ትሕትናው ነው! እሺ፣ በምን አቆምከው?»

«አላቆምኩትም።»

«ታዲያ ማን አቆመው?»

«ማንም። አልቆመም።»

«እንዴት አልቆመም? እኔ ውስጡ ነበርኩ እኮ!»

«አልነበሩም ክቡርነትዎ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ አጃቢዎቻቸው ዞሩ፤ አጃቢዎቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ልብስ ሰፊው መሀረቡን ከፍ አድርጎ፣ «ቁልፏስ? ቁልፏ ይቻት!» ብሎ ጮኸ።

«ቁልፏ ብዙ በልቼ ነው የተበጠሰችው» አለ ሹሙ፣ ድምፁ እየጠነከረ። «ሐዲድ ላይ አልቆምኩም። ሸሚዝ አልቀደድኩም። ስለ ደንብ ከማንም ጋር አፍ አልተካፈትኩም፤ ስለ ሐዲዱም አልተናገርኩም። እጄን የጨበጠኝ ሰው የለም። ያን ቀን በዚህ ጣቢያ ልዩ ባቡር የሚባል ነገር አልመጣም፣ አልቆመም፣ አላለፈም። ላልመጣ ባቡር ደግሞ ሰው አይሾምም፣ አይባረርምም።»